ስለ ኬክ ማድረሻ መኪና ለጠየቅሽው እህቴ

ሰላም ላንቺ ይሁን እህቴ። «ደሴ ላይ በቤቴ ኬክ እየሠራሁ እስከ ኮምቦልቻ ድረስ አደርሳለሁ፤ እስካሁን በኮንትራት ታክሲ ነበር፤ አሁን የቆጠብኩት ገንዘብ ስላለ ባጃጅ፣ አሮጌ ፒክ አፕ ወይስ ትንሽ የቤት መኪና ልግዛ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አነበብኩ። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች ስለ ነዳጅ ፍጆታና ስለ መለዋወጫ ዋጋ ጽፈውልሻል። የጻፉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን አንዳቸውም የሠርግ ኬክ ጭነው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት የወረዱ አይመስለኝም። እኔ ሆጤ አካባቢ ካለው ቤቴ እየተነሣሁ በዚያ ቁልቁለት ስምንት ዓመት ተመላልሻለሁ፤ የመኪና ምርጫ ስሕተትም ምን ያህል እንደሚያስከፍል በራሴ ላይ አይቻለሁ። ስለዚህ በተራ ቁጥር ልዘርዝርልሽ።

1. ባጃጅን ለከተማ ውስጥ ብቻ አስቢው። ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውኃ ወይም እስከ ሰኞ ገበያ አንዲት የልደት ኬክ ለማድረስ በቂ ነው። ለረጅም መንገድ ግን አይሆንም፤ ባለ አራት ጎማ መኪና ጉድጓዱን በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል አሳልፎ ሲሄድ የባጃጅ የፊት ጎማ መሐል ላይ ስለሆነ ከሦስቱ አንዱ መግባቱ አይቀርም። በዚያ ላይ ጎኑ ክፍት ነው። ነጭ ክሬም ላይ ያረፈ አቧራ ደግሞ ተጠርጎ አይወጣም።

2. ፒክ አፕ በርካሽ አገኘሁ ብለሽ እንዳትገዢ። እኔ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ነጠላ ጋቢና ፒክ አፕ በደላላ በኩል ገዛሁ። ደላላው «ድንጋይ ጭነሽ ብትሄጂ እንኳ አይበገርም» ሲለኝ ደስ አለኝ፤ ነገሩ ለእኔ ሥራ ጉዳት መሆኑ አልገባኝም ነበር። የዚህ ዓይነት መኪና የኋላ ባሌስትራ፣ ማለትም ጭነቱን የሚሸከመው የተደራረበ ብረት፣ የተሠራው ኩንታል በኩንታል ላይ እንዲሸከም ነው። ሃያ ኪሎ የማይሞላ ኬክ ሲጫንበት ባሌስትራው ፈጽሞ አይለጠጥም፤ ስለዚህ ጎማው የነካውን እያንዳንዱን ጠጠር ሳይቀንስ ወደ ላይ ያስተላልፈዋል። በኋላ አንድ መካኒክ ሁለት ጆንያ አሸዋ ከኋላ ባስቀምጥ መንጠሩ እንደሚቀንስ ነግሮኝ በእርግጥም ቀነሰ፤ ነገር ግን ያን ጊዜ የሆነው ሆኖ ነበር።

የጭነቱ ክፍል ክፍት ስለሆነ በያጅ ቤት ወስጄ በ46 ሺህ ብር የላሜራ ሳጥን አሠራሁለት። ነጭ ቀለም ተቀብቶ፣ የድርጅቴ ስም ተጽፎበት ሲወጣ በጣም ነበር የኮራሁት። ከውስጥ ግን ሙቀት የሚከላከል ፎም አላስደረግሁበትም፤ በያጁም አልጠየቀኝም፣ እኔም አላሰብኩትም።

ሚያዝያ ላይ፣ ዒድ አልፈጥር ባለፈ በሁለተኛው እሑድ፣ ኮምቦልቻ ለሚደረግ ሠርግ ባለ ሦስት ደረጃ ኬክ ታዘዝኩ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርጃለሽ ማለት ነው። ደሴ ላይ ካፖርት ለብሰሽ የሠራሽው የቅቤ ክሬም ታች ስትደርሺ ሌላ አየር ይጠብቀዋል። እኔ ኬኩን ሦስቱንም ደረጃ ቤት ገጣጥሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ጫንኩት። የሚነዳው ወንድሜ ነበር። ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ ኃይል ይዞ መውረድ ሲገባው በየኩርባው ፍሬን እየረገጠ ወረደ፤ ግማሽ መንገድ ላይ የፍሬን ሸራው ሽታ ጋቢናው ውስጥ ገብቶ ቆመን እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። በዚያ ቆይታ የላሜራው ሳጥን ፀሐይ ላይ ነበር።

አዳራሹ በር ላይ ሳጥኑን ስከፍት የምድጃ ወላፈን የመሰለ ሙቀት ፊቴን መታኝ። መካከለኛው ደረጃ አራት ጣት ያህል ወደ ፊት ተንሸራትቷል፤ ደግፈው የያዙት የእንጨት ዘንጎች ተጋድመው የታችኛውን ኬክ ሰንጥቀውታል፤ የፊት ለፊቱ ክሬም ከላይ እስከ ታች ወርዶ ካርቶኑ ላይ ተከምሯል። ሁለት ሌሊት ከሠራኋቸው የስኳር ጽጌረዳዎች አንደኛዋ ላሜራው ላይ ተለጥፋ ቀርታለች። የሙሽራዋ እናት መጥተው አዩና ቁጣ ሳይናገሩ «ልጄ፣ ይህንን ለእንግዳ ማቅረብ አልችልም» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የተቀበልኩትን 18 ሺህ ብር መለስኩ፤ ከዚያ ሰፈር ለአንድ ዓመት ያህል አንድም ትእዛዝ አልመጣልኝም።

ይህ ሳይበቃ የዓመታዊ ምርመራ ጊዜ ደርሶ ቦሎ ለማሳደስ ስሄድ ሳጥኑ ሊብሬው ላይ እንደሌለ ተነገረኝ። የመኪናን አካል መለወጥ አስቀድሞ ማስፈቀድንና ሊብሬ ላይ ማስመዝገብን እንደሚጠይቅ አላውቅም ነበር፤ አለማወቄ የእኔ ጥፋት ነው። ነገር ግን ያስተናገደኝ ሠራተኛ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ሊብሬውን ባንኮኒው ላይ ወርውሮ «አስነቅለሽ ነይ» ብቻ አለኝ። የት አመልክቼ ማስፈቀድ እንደምችል ስጠይቀው «ኬክ ለማመላለስ ነው ይህ ሁሉ?» ብሎ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። አንድ ቀን ስብሰባ ናቸው ተባልኩ፣ ሌላ ቀን ኃላፊው የሉም ተባልኩ፤ ሱቄን ዘግቼ ነበር የምሄደው። እኔ ግብር የምከፍል፣ ሁለት ሴቶች ቀጥሬ የማሠራ ሰው ነኝ፤ ኬክም እንደማንኛውም ሥራ ሥራ ነው፤ በሰው ፊት እንደዚያ መዋረድ አልነበረብኝም። በመጨረሻ ሳጥኑን አስነቅዬ መኪናውን ከገዛሁበት ዋጋ በታች ሸጥኩት።

3. ስለዚህ ከሁሉ በላይ የምለምንሽ፣ ምንም ነገር ሳትለውጪበት ለሥራሽ የሚሆን መኪና ፈልጊ። እኔ አሁን የምሠራበት ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ የዕቃ ተብሎ የተሠራ ዳማስ የሚባል ትንሽ ሽፍን መኪና ነው። ወለሉ ጠፍጣፋ ነው፣ ጣሪያው የራሱ ነው፣ ሊብሬው ላይ ያለውና ዓይን የሚያየው አንድ ነው። አንድ ነገር ብቻ እወቂበት፦ ሞተሩ ከፊት ወንበሮቹ ሥር ስለሆነ ከወንበሩ ጀርባ ያለው ወለል ይሞቃል። ኬኩን እዚያ አታስጠጊው፤ ከኋላ ጎማዎቹም ወደ ኋላ አታሳልፊው፣ ምክንያቱም ከጎማው ያለፈው ጫፍ ከሁሉ ይበልጥ ይዘላል። እኔ ከኋላ ጎማዎቹ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ የጎማ ምንጣፍ ላይ አስቀምጣለሁ፤ በግራና በቀኝ በረዶ የሆነ ውኃ የያዙ የላስቲክ ጠርሙሶች በፎም ሳጥን አደርጋለሁ። ደረጃዎቹንም ለየብቻ ጭኜ አዳራሹ ውስጥ ነው የምገጣጥማቸው። ከቤት የምወጣው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው።

4. ትንሽ የቤት መኪና ብለሽ ያሰብሽውን በተመለከተ፣ የኋላ ወንበሩ ሲታጠፍ ወለሉ ተዳፋት የሚሆን ከሆነ ይቅርብሽ። ባለ አንድ ደረጃ ኬክ ብቻ የምትሠሪ ቢሆን ኖሮ እስማማ ነበር፤ ሠርግ መቀበልሽ ግን የማይቀር ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ እንዳይገቡ በመከልከላቸው ሻጮች ላረጀው ሁሉ ከፍ ያለ ዋጋ ይጠሩብሻል፤ በዚህ ምክንያት ተቻኩለሽ ቀብድ አትስጪ።

5. መኪና ልታዪ ስትሄጂ ትልቁን የኬክ ካርቶንሽን ባዶውን ይዘሽ ሂጂ፤ በበሩ መግባቱን እዚያው አረጋግጪ። በሜትር ብቻ አትመኚ፣ የበሩ ቁመት ከውስጡ ቁመት ያንሳልና። ከዚያም ሳፋ እስከ ግማሹ ውኃ ሞልተሽ ወለሉ ላይ አስቀምጪና ከሻጩ ጋር ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ። ኮምቦልቻ ስትደርሱ ሳፋው ዙሪያ ያለው ወለል ምን ያህል እንደረጠበ እይ። ፍሬኑንም ወዲያው ወርደሽ አሽትቺው። ሻጩ እስከዚያ ድረስ አልሄድልሽም ካለ ሌላ መኪና ፈልጊ፤ ሊብሬውን ለማየት እንድረዳሽ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ።