ለልጃችሁ የመጀመሪያዋ ዱባ

እናቴ ከደብረ ብርሃን በደወለች ቁጥር «ልጁ ምግብ ጀመረ ወይ?» ትለኝ ነበር። ያኔ ገና አራት ወሩ ነው። እናንተም ጋ ይህ ጥያቄ ሳይመጣ አይቀርም። 6 ወር ገደማ እስኪሆነው ጠብቁ። አንገቱ ጸንቶ፣ ደገፍ ሲደረግ መቀመጥ ከቻለና ማንኪያ በምላሱ መግፋቱን ከተወ ደርሷል። ጡቱ ወይም ፎርሙላው (የሕፃን ዱቄት ወተቱ) ግን ይቀጥላል።

እኔ በዱባ ነው የጀመርኩት። ሀሎዊን ለሚባለው የፈረንጆች በዓል የምትቀረጸዋ ዱባ ውሃና ቃጫ ትበዛባታለች፤ በተርነት ስኳሽ የሚባለው የዱባ ዓይነት ይሻላል። የቆርቆሮ ዱባ ከገዛችሁ ጽሑፉን አንብቡ፤ ፓይ ለሚባለው ጣፋጭ የተዘጋጀው ስኳርና ቅመም አለው።

ልጣጩንና ፍሬውን አውጥታችሁ በእንፋሎት አብስሉ። አንዷን ቁራጭ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጫን በሉ። እንደ ቅቤ ሟሽሽ ካለች በስላለች። ጓል ከቀረ ወደ ድስቱ ትመለስ። ፈጭታችሁ በጡት ወተት አቅጥኑት። ጨውም ስኳርም አይግባበት። ማር ደግሞ ዓመት እስኪሞላው ጭራሽ አይቅመስ፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል።

እናቴ «ለጋ ቅቤ ጣል አድርጊበት» አለችኝ። ሐሳቧ ልክ ነው፤ የዱባውን ቫይታሚን ኤ ሰውነት የሚወስደው ከቅባት ጋር ነው። ከአገር የተላከው ለጋ ቅቤ ግን ካልፈላ ወተት የተናጠ ስለሆነ ለሕፃን አይሆንም። እኔ ጥቂት ዘይት ጨመርኩበት።

መጀመሪያ ሁለት ሦስት የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ሌላ አዲስ ምግብ ሳትጨምሩ ጥቂት ቀን ቆዩ። ሽፍታ ወይም ትውከት ከመጣ የቱ እንዳልተስማማው ታውቃላችሁ። ዱባ ብቻውን ብረት (አይረን) የሚባለውን ንጥረ ነገር ስለማያሟላለት በደንብ የበሰለ ምስር ወይም ሥጋ ሳትቆዩ አስከትሉ።

ሁሌም ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይብላ፤ ከፊቱ አትነሱ። ፊቱ ቀልቶ እያሳለ ቢያቅለሸልሸው ራሱ ያወጣዋል። የሚያስፈራው ምግቡ አንቆት ድምፁ ሲጠፋ ነው። ያኔ በክንዳችሁ ላይ በሆዱ አስተኝታችሁ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጋችሁ፣ በትከሻዎቹ መሃል ጀርባውን 5 ጊዜ ምቱ። ካልወጣ በጀርባው ገልብጣችሁ ደረቱ መሃል በአንድ እጃችሁ መዳፍ ግርጌ 5 ጊዜ ተጫኑ፤ እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ፤ አንድ ሰው አምቡላንስ ይጥራ። ይህን ከመጀመሪያዋ ማንኪያ በፊት ተለማመዱት።

ለፋሲካ አያቱን ልታሳዩ ደብረ ብርሃን ከሄዳችሁ ደግሞ እዚያ ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ውሃ 91 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ዱባው ይዘገያል። ሰዓቱን ተዉትና በጣታችሁ እዩት።