ጅማ ከባህር ወለል በላይ ነው ከባህር ጠለል?

ጥያቄ፦ ጅማ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ "ጅማ ከባህር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ" ብለው ይጽፋሉ፣ ስለ ባህር ወለል ተራሮች ስንማር ግን ግራ ይገባቸዋል። ትክክሉ የቱ ነው? ፓስፊክ ውቅያኖስ ስር ያለውን ጥልቁን ማሪያናንስ ስምጥ ሸለቆ ልበለው?

መልስ፦ መምህር፣ በልጆቹ አይፈረድም፣ ሬዲዮውም "ከባህር ወለል በላይ" ሲል ነው የሚውለው። ሰው ስለተግባባበት እኔ ቀይ እስክርቢቶ አላነሳም፣ ግን ክፍል ውስጥ ለሁለት ነገር አንድ ቃል ይዘው መቸገርዎ አይቀርም። ወለል ታቹ ነው፣ የቤት ወለል እንደምንለው፣ ጠለል ደግሞ የረጋው የላይኛው ፊት፣ ውሃው ድፍርሱ ወርዶ ጠለለ እንደሚባለው። የሃዋዩን ተራራ ማውና ኬያን ስጧቸው፤ ከባህር ጠለል በላይ 4,207 ሜትር ነው፣ ከተነሳበት ከባህር ወለል ሲለካ ግን ከ10,000 ያልፋል፣ ኤቨረስት እንኳ 8,849 ነው። ሁለቱንም ወለል ብለው ይሄን ይጻፉትና ይዩት፣ ትርጉም አይሰጥም።

ወለል ሲባል ደግሞ ሊሾ እንዳይመስላቸው። ከ3,000 እስከ 6,000 ሜትር ጥልቀት የተዘረጋው ሜዳ ራሱ ከስሩ ወጣ ገባ ነው፣ ስንት ሚሊዮን አመት የተጠራቀመ ደለልና የጥቃቅን ፍጥረታት ቅሪት ሸፍኖት ነው የተስተካከለው።

ማሪያናን ስምጥ ሸለቆ አይበሉት። ስምጥ የሚባለው መሬት ግራና ቀኝ ተጎትቶ መሀሉ ሲሰምጥ ነው፣ የኛው እንደዛ ነው፣ ቀይ ባህርም መሀሉ ላይ እየተከፈተ ነው፣ አትላንቲክ ስር ባለው የተራራ ሰንሰለት አናት ላይም ስምጥ እንዳለ ሜሪ ታርፕ የምትባል ካርታ ሰሪ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የጥልቀት ልኬቶችን ወረቀት ላይ ስታሰፍር ነው የደረሰችበት፣ ባልደረባዋ ብሩስ ሂዘን ግን መጀመሪያ "የሴት ወሬ" ብሎ አጣጥሎባት ነበር (በኋላ አመነ)። ማሪያና ተቃራኒው ነው፣ አንዱ ፕሌት (የምድር ቅርፊት ትልቅ ቁራጭ) ከሌላው ስር ሲገባ የተፈጠረ፣ ጥልቀቱ ወደ 10,900 ሜትር የሚጠጋ። ሸለቆ ብቻ ቢሉት ደግሞ ልጆቹ የአዲስ አበባ መንገድ ላይ የሚወርዱትን ጊቤን ነው የሚያስቡት፣ እሱን የቦረቦረው ወንዝ ነው። ገደልም አንድ ጎን ብቻ ይመስላል። ቦይ የሚሉ አሉ፣ ለኔ ቦይ ሲባል የመስኖ ውሃ ነው የሚታየኝ፣ በእንግሊዝኛው ስሙ ትሬንች ብለው ቢያስተምሩ ይሻላል።