ሞተሩ ተቀየረ፣ መንቀጥቀጡስ?

በዚህ ሰሞን የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። "ሞተር አስቀየርኩ፣ አሁን መኪናው ይንዘፈዘፋል፣ ምን ላድርግ?" ሞተሩን የሸጠላችሁን ሰው ከመራገማችሁ በፊት አንድ ነገር ንገሩኝ። መንቀጥቀጡ የሚከተለው የሞተሩን ዙር ነው ወይስ የመኪናውን ፍጥነት? ይህን ሳትለዩ ዕቃ አትግዙ። በሉ ወደ ጥያቄዎቹ።

"አሮጌ ሃይሉክስ ፒካፕ አለኝ፣ ትራስሚሲዮኑ (ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ዙር የሚያደርሰው ረጅሙ ዘንግ) አንድ ወጥ ነው። ከሶማሌ ተራ 5ኤል ሞተር ገዝቼ አስገባሁ። ከ80 ሲያልፍ ወለሉ ያንዘረዝራል፣ እግሬ ይደነዝዛል። ጎማ ባላንስ አስደረግኩ፣ ያው ነው።" ከአዳማ

ወንድሜ፣ ባዶና ቀጥ ያለ መንገድ ፈልግ። ንዝረቱ በሚመጣበት ፍጥነት ላይ ማርሹን ዜሮ አድርግና ሞተሩ ወደ ሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳትረግጥ ወደሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር፣ ይውረድ። ቁልፍ እንዳትነካ፣ መሪና ፍሬን ይከብድሃል። ንዝረቱ ከቀጠለ ሞተሩ ነፃ ነው፣ ችግሩ ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) በኋላ ነው። ከጠፋ ደግሞ ወደ ሞተር፣ ፍሪሲዮንና ሱፖርቶ (ሞተሩ የሚቀመጥባቸው ጎማዎች) እንመለሳለን።

ከጻፍከው ግን ትራስሚሲዮኑን ነው የምጠረጥረው። በ90 ስትነዳ ጎማህ በደቂቃ 750 ጊዜ ገደማ ይዞራል። የዲፈረንሻልህ ምጣኔ 4.1 ከሆነ፣ ማለትም ጎማው አንዴ ሲዞር ትራስሚሲዮኑ 4.1 ጊዜ የሚዞር ከሆነ፣ ትራስሚሲዮኑ በዚያው ሰዓት ከ3000 ዙር በላይ ይዞራል ማለት ነው። ለዚህ ነው የጎማ ችግር መሪ ላይ እንደ መወዛወዝ፣ የትራስሚሲዮን ደግሞ ወለል ላይ እንደ ንብ ድምፅ የሚሰማህ።

ሞተር ሲወጣ ትራስሚሲዮኑም ይፈታል። ሲመለስ ተንሸራታቹ ጥርስ አንድ ጥርስ ከሳተ አለቀ። ክሮቸራ (በዘንጉ ጫፍ ያለው የመስቀል መገጣጠሚያ) ዘንበል ብሎ ሲሠራ ዘንጉን በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያፈጥነዋል፣ ሁለት ጊዜ ያዘገየዋል፤ ያንን የሚያስተካክለው የወዲያኛው ክሮቸራ ነው፣ እሱም የሚያስተካክለው የሁለቱ ጫፍ ሹካዎች በአንድ መስመር ሲሆኑ ብቻ። ተኝተህ እየው፣ በዓይን ይታያል። እኔ ራሴ አንዴ ምልክት ሳላደርግ ፈትቼ ሁለት ቀን ሙሉ ጎማ ስቀያይር ከርሜአለሁ። አሁን ጠመኔ ኪሴ ውስጥ አይጠፋም።

ሹካዎቹ ልክ ከሆኑ ማዕዘን ለካ። አዲሱ ሞተር አልገጥም ሲል መካኒኮች ከካምቢዮው መቀመጫ ሥር ሮንዴላ ይደራርባሉ፣ የካምቢዮው ጭራ ቀና ይላል፣ ከዲፈረንሻሉ አፍንጫ ጋር የነበረው ትይዩነት ይበላሻል። የስልክህ የዲግሪ መለኪያ ይበቃል። መኪናው በጎማው ቆሞ እንጂ በክሪክ ተንጠልጥሎ አትለካ፣ ያኔ ዲፈረንሻሉ ይወርዳል፣ ቁጥሩ ያሳስትሃል። በካምቢዮው ጭራና በዲፈረንሻሉ አፍንጫ መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ዲግሪ እንዳይበልጥ፣ የእያንዳንዱ ክሮቸራ ማዕዘንም ከ3 ዲግሪ ባያልፍ ጥሩ ነው። ባለ ሁለት ቁራጭ ትራስሚሲዮን ያላችሁ የሃይስ ሰዎች ደግሞ መጀመሪያ የመሀሉን ኩሽኔታና እሱን የያዘውን ጎማ ነቅንቁት።

"ቪትዜ የ2008 (እ.ኤ.አ.) ናት። ሞተር ከተቀየረ ወዲህ መብራት ላይ ዲ ሆና ፍሬን ስይዝ መቀመጫው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ኤን ሳደርጋት ይቀንሳል።" ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ የአንቺ ሞተር ሊትሩ 1.0 ከሆነ ባለ ሦስት ሲሊንደር ነው፣ ትንሽ መንቀጥቀጥ ተፈጥሮው ነው። የቀድሞዋ ቪትዝ 1.0 ግን አራት ሲሊንደር ስለነበራት ከጎረቤት መኪና ጋር አታወዳድሪ። መቀመጫው ሁሉ የሚርገበገብ ከሆነ ግን የሞተር ሱፖርቶ ጎማዎቹ ናቸው። ብዙ ጊዜ ሞተሩ ይቀየርና የደከሙት ጎማዎች እዚያው ይቀራሉ፣ ወይም ሞተሩ ተንጠልጥሎ እያለ ቡሎኑ ስለሚጠብቅ ጎማው ተጣሞ ይቀራል። ቡሎኖቹን ላላ አድርገው ሞተሩ በራሱ ክብደት ከተቀመጠ በኋላ ያጥብቁልሽ። ሚኒሞውንም ያዩልሽ፣ ከወረደ የሱፖርቶ ጎማ ብትቀይሪም አይጠፋም።

"ሚትሱቢሺ ኤል200፣ 4ዲ56 ሞተር። ቆሞም ሲሄድም ከ2000 ዙር በላይ ያጓራል። መካኒኩ የናፍጣ ጠባይ ነው ይለኛል።" ከሐዋሳ፣ የ61 ዓመት ሹፌር

ጋሼ፣ መካኒክዎ አቋራጭ መልስ ሰጥተዎታል። ይህ ሞተር ንዝረቱን የሚያጠፉ ሁለት ዘንጎች አሉት፣ የሚያዞራቸውም ከትልቁ ቺንጊያ ጀርባ ያለች ትንሽ ቺንጊያ ናት። አንዳንዱ "ብትበጠስ ትልቁን ታበላሻለች" ብሎ ይጥላታል። ፍርሃቱ ሐሰት አይደለም፣ ግን ለእርስዎ ሊነግርዎት ይገባ ነበር። ቺንጊያዋ ካለች ደግሞ ዘንጎቹ ከምልክታቸው ውጭ ተገጥመው ሊሆን ይችላል፣ ምልክቶቹን ያስመርምሩ።

"ቼቭሮሌት ፒካፕ ላይ አዲሱን 350 ሞተር ከሌላ ቮላኖ (ከሞተሩ ኋላ ከሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ጋር ገጠምኩ። ዜሮ ላይም ነዳጅ ስሰጠው ይብሳል።" ከቨርጂኒያ

ቮላኖውን ነው የምጠረጥረው። ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኋላ ዘይት መከላከያው አንድ ወጥ የሆነው 350 ክብደት የተጨመረበት ቮላኖ ይፈልጋል፣ የቀድሞው ግን አይፈልግም። አይቀያየሩም። ቶርኖ ቤት ሳትወስደው ትክክለኛውን ግዛ።

"ኮሮላ። ነዳጅ ስሰጠው ፊቱ ግራ ቀኝ ይላል፣ እግሬን ሳነሳ ያቆማል።"

የውስጠኛው ሲቪ ጆይንት (የፊት ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ከካምቢዮ ጋር የሚገናኝበት መገጣጠሚያ)። ሞተር ሲወጣ አብሮ ተጎትቶ ይሆናል።

"ሞተር ስቀይር ሊብሬ ላይ ችግር ይኖራል?"

አዎ፣ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ ስላለ መለወጡን ማስመዝገብ አለብህ፣ አለዚያ ቦሎ ሲደርስ ትጉላላለህ። ሻጩ ደረሰኝና ዲክላራሲዮን ከሌለው ብሩን አትቁጠርለት።