ከዴስኩ በፊት የመምህሩ ደመወዝ

ጠያቂያችን ከጓደኞቻቸው ጋር በሠፈራቸው ላሉ ችግረኛ ልጆች ነጻ ትምህርት ቤት ለመክፈት ማሰባቸውን ገልጸው፣ ከምን እንጀምር፣ ከወላጆችስ መጠነኛ ክፍያ እንቀበል ወይ ሲሉ ጠይቀዋል። ሽሮ ሜዳ አካባቢ በበጎ አድራጎት በሚተዳደር ትምህርት ቤት በመምህርነት፣ በኋላም በርዕሰ መምህርነት ዘጠኝ ዓመት ስለ ሠራሁ ያየሁትን ልጻፍ።

ሰው መስጠት የሚወደው የሚታይ ነገር ነው። ዴስክ፣ ደንብ ልብስና ቦርሳ ይዞ መጥቶ ከልጆቹ ጋር ፎቶግራፍ ተነሥቶ የሚሄድ ለጋሽ አጥተን አናውቅም፤ እንዲያውም አንድ ዓመት ቦርሳው ተርፎ ማስቀመጫ ቸግሮን ነበር። የሐምሌንና የነሐሴን የመምህራን ደመወዝ ልሸፍን ብሎ የመጣ ግን አንድም አላጋጠመኝም። በዚያው በቦርሳው ዓመት የአንደኛ ክፍል መምህርታችን ክረምቱን ያለ ደመወዝ ከርማ፣ መስከረም ሲጠባ ሌላ ቦታ ተቀጠረች፤ ልጆቹም ፊደል ባልጨረሱበት ጊዜ በሦስት ወር ውስጥ ሁለት መምህራን ተፈራረቁባቸው። ስለዚህ የአንድ ሙሉ ዓመት ደመወዝ ባንክ ሳይገባ ልጅ ባትመዘግቡ እመክራለሁ።

በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ለሌሎች ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ክፍል ገብቶ የሚያስተምር መምህር ደመወዝ የዓላማ ማስፈጸሚያ እንጂ አስተዳደራዊ ወጪ ባለመሆኑ፣ ከጸሐፊውና ከሒሳብ ሠራተኛው ደመወዝ ጋር ሳይደባለቅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በየራሱ መዝገብ ይያዝ። ኦዲተር መጥቶ ከሚለያየው ቀድሞ መለየቱ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ከደመወዝ ቀጥሎ የሚመጣው ምግብ ነው። የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ተማሪዎቻቸውን ይመግባሉ፤ እናንተ የማታበሉ ከሆነ ልጆቹ ወደዚያው ቢሄዱ ይሻላቸዋል። ይህን ስል የሚከፋቸው የሥራ ባልደረቦች አሉኝ።

የምሳን ጉልበት ያወቅሁት ከሸማኔዎቹ ነው። ከተማሪዎቻችን ብዙዎቹ የሸማኔ ልጆች ሲሆኑ፣ አንዳንዶቹም በዘመድ እጅ ከጋሞ ደጋ ለሥራ የመጡ ነበሩ። ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ ሲቃረቡ የሸማ ትእዛዝ ስለሚበዛ ክፍሉ ይሳሳል። እኛ ደግሞ ቀሪ እየጻፍን አሳዳጊ ጥሩ እንል ነበር፤ የተጠራው አሳዳጊ በማግስቱ ልጁን ጨርሶ ያስቀረዋል። አንድ ቀን ከቀሩት የአንዱ ቤት ድረስ ብሄድ፣ ልጁ ከሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ጠርዝ ተቀምጦ ክር እያጠነጠነ የስድስትን ብዜት በቃሉ ይላል፤ ሲሳሳት አጎቱ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆነው ያርሙታል። አጎትየው ትምህርት ጠልተው አልነበረም ያስቀሩት። ከዚያ ወዲህ ከታኅሣሥ እስከ ጥር አጋማሽ ትምህርቱን እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ አድርገን፣ ምሳ አብልተን እንልካቸው ጀመር። አሳዳጊውም የአንድ ሰው ምሳ ስለሚተርፍለትና ከሰዓቱን ልጁ እጁ ላይ ስለሚሆን መላኩን አልተወም። የከሰዓት ሥራው ደስ ባይለኝም፣ ጨርሶ ከመቅረት ይሻላል ብዬ ተቀብዬዋለሁ።

ምዝገባ ላይ የወረዳውን የችግረኞች ዝርዝር ብቻ አትያዙ፤ የእድር ሰዎችንም ጠይቁ፣ ቤት ለቤትም ሂዱ።

ክፍያን እኛም ሞክረነዋል። የወላጅ ድርሻ ብለን በወር ትንሽ ገንዘብ ስንጠይቅ፣ መክፈል ያቃታቸው እናቶች ቸገረን ማለት አሳፍሯቸው ልጃቸውን አስቀሩ። ገንዘቡን ትተን በወር አንድ ቀን የወጥ ቤት ተራ አወጣን፤ ይህም ልብስ አጥባ ለምታድር እናት የአንድ ቀን ገቢዋን የሚወስድ ሆነ። አሁን ግዴታ የሚባል የለም፤ የተመቻቸው እናቶች ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ሽሮና በርበሬውን ያሰናዳሉ፣ ያልመጣችውንም ለምን ቀረሽ የሚላት የለም።