ትክክል የመሰሉት ቀኖች

ጥያቄ፦ የሠራተኞች ውል የሚያበቃበትን ቀን በኤክሴል እከታተላለሁ። ዝርዝሩ ከሌላ ሲስተም በሲኤስቪ (CSV፣ ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ ተራ የጽሑፍ ፋይል) የወጣ ነው። የቀረውን ጊዜ ለማወቅ ማብቂያውን ከዛሬው ቀን ጋር ሳቀናንስ ብዙው መስመር ቫልዩ የሚል ስህተት ይሰጠኛል፤ ሌላው በትክክል ይወጣል። ስህተት ያሉትን በእጄ እያረምኩ ልቀጥል?

መልስ፦ እባክዎ ማረሙን አሁኑኑ ያቁሙ። እኔን ያሳሰቡኝ ትክክል ወጡ ያሏቸው መስመሮች ናቸው።

ኤክሴል ቀንን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ለእሱ 1 ነው፤ ማርች 15 ቀን 2023 ደግሞ 45000። ቀን ከቀን የሚቀነሰውም ለዚህ ነው።

ፋይልዎ ቀንን ከወር አስቀድሞ ይጽፋል፣ ኮምፒውተርዎ ደግሞ ወርን ያስቀድማል እንበል። 25/09/2024 ሲመጣ 25ኛ ወር የለምና ኤክሴል እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ስህተቱ ከዚህ ይመጣል። 04/09/2024 ግን ዝም ብሎ ያልፋል። ሴፕቴምበር 4 የነበረው ኤፕሪል 9 ይሆናል። የ148 ቀን ልዩነት ነው!

እኔም አንድ ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ ስህተት ያለውን ብቻ ሳርም ቆይቼ ዝርዝሩን ላክሁ። ውሉ ገና ያላለቀ ሰው «አብቅቷል» ከተባሉት ጋር ገብቶ ነበር። ደውሎ የነገረኝ ራሱ ነው። ድምፁ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ለማረጋገጥ ኮለሙን ሰፋ ያድርጉና ግራ ወይም ቀኝ አሰላለፍ ከተመረጠ ያጥፉት። ጽሑፉ ወደ ግራ፣ ቁጥሩ ወደ ቀኝ ይጠጋል። ወደ ቀኝ ከተጠጉት ውስጥ ቀኑ ከ12 የሚበልጥ አንድም ከሌለ ተገለባብጠዋል ማለት ነው። የሴሉን ፎርማት መቀየር አይጠቅምም፤ መልኩን እንጂ ውስጡን አይነካም።

መፍትሔው ከዋናው ፋይል እንደገና መጀመር ነው። የስሙን መጨረሻ ከሲኤስቪ ወደ ቲኤክስቲ ቀይረው ከኤክሴል ውስጥ ይክፈቱት። በሚመጣው መስኮት ሦስተኛ ደረጃ ላይ የቀኑን ኮለም ይምረጡ፤ ዴት ይበሉና ዲኤምዋይ (DMY፣ ቀን-ወር-ዓመት) ያድርጉት። ዋናው ፋይል ከጠፋ ግን ወደ ቀኝ ለተጠጉት ብቻ በዴት (DATE) ፎርሙላ ዓመቱን ከይር (YEAR)፣ ወሩን ከዴይ (DAY)፣ ቀኑን ከመንዝ (MONTH) ይውሰዱ። የተገለበጠው ይመለሳል።

ሲጨርሱ ቀናቸው ከ12 በታች የሆኑ አምስት ውሎችን ከፋይል ካቢኔቱ አውጥተው ከስክሪኑ ጋር ያመሳክሩ።