ከየቡድኑ የቅርቡን ረድፍ ማውጣት፦ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ

እዚህ ቱሉ ዲምቱ መብራት እስካለ ድረስ እመልሳለሁ። ዳታቤዙንና ቨርዥኑን ሳትጽፉ አትጠይቁኝ።

ከኮዬ ፈጬ፦ ጋሼ፣ የብሎካችን የውኃ ንባብ አንድ ቴብል (ሰንጠረዥ) ውስጥ ነው፤ አይዲ (የረድፉ መለያ ቁጥር)፣ ቆጣሪ፣ ቀን፣ መጠን። የየቆጣሪውን የመጨረሻ ንባብ ፈልጌ ግሩፕ ባይ ቆጣሪ (በየቆጣሪው መቧደን)፣ ማክስ ቀን ብል ቀኑ ልክ ነው፤ መጠኑ ግን የሌላ ወር ነው። ማይኤስኪውኤል 8.0።

መልስ፦ ማክስ የሚሰጥህ ትልቁን ቀን እንጂ ቀኑ ያለበትን ረድፍ አይደለም። መጠኑን ከቡድኑ ውስጥ ካገኘው ያነሳልሃል። ከ5.7 ወዲህ እንዲህ ያለውን ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚጻፍ ጥያቄ) በዲፎልት አይቀበልም፤ አንድ ሰው ይህን የሚከለክለውን ሴቲንግ፣ ኦንሊ ፉል ግሩፕ ባይን፣ አጥፍቶባችኋል፣ መልሳችሁ አብሩት። አንተ የሚያስፈልግህ ለረድፎች ተራ ቁጥር የሚሰጠው ሮው ነምበር ነው፦ ፓርቲሽን ባይ ቆጣሪ (በየቆጣሪው ከፍሎ)፣ ኦርደር ባይ ቀን ዴስክ፣ አይዲ ዴስክ (ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድሮ)። ይህን ሰብኩዌሪ (በኩዌሪ ውስጥ ያለ ኩዌሪ) ውስጥ አስገብተህ ከውጭ ቁጥሩ 1 የሆነውን ምረጥ። እዚያው ዌር (ረድፎችን የሚያጣራው ክፍል) ላይ ብትጽፈው አይሠራም፤ ዌር የሚሠራው ረድፎቹ ቁጥር ከመሰጠታቸው በፊት ነው። አይዲውን እንዳትረሳ! በአንድ ቀን ሁለቴ የተነበበ ቆጣሪ ካለ ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን ሊያመጣልህ ይችላል።

ከለገጣፎ፦ ሮው ነምበር የሌለው ማይኤስኪውኤል 5.7 ላይ ላለንስ?

መልስ፦ ማክሱን በሰብኩዌሪ አውጥተህ በቆጣሪና በቀን ከቴብሉ ጋር ጆይን አድርግ (አጣምር)። እኩል ቀን ካለ ሁለቱም ይመጣሉ። የ5.7 ድጋፍ በፈረንጆች 2023 ማብቃቱንም ለአለቃህ ንገረው።

ከገላን፦ እኔ ጋ አልሠራም።

መልስ፦ ምኑ? የትኛው ዳታቤዝ?

ከገላን፦ ፖስትግሬስ። የአንዳንዱ ቆጣሪ ቀን ባዶ ሆኖ ይመጣል።

መልስ፦ እንደዚያ በል እንጂ። ፖስትግሬስ በዴስክ ሲደረድር ነልን (ባዶውን) ከላይ ያስቀምጣል፤ ቀን ያልተሞላለት ረድፍ የቅርቡ ሆኖ ቁጭ ይላል። ነልስ ላስት (ባዶዎቹ መጨረሻ ይሁኑ) ጨምርበት። አይዲም አይቅር።

ከሰበታ፦ የእኛ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በጽሑፍ ነው የተቀመጠው፤ 05/13/2017 ዓይነት።

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር እህቴ። ጽሑፍ የሚደረደረው ከግራ ተነሥቶ ነው፤ ስለዚህ 30/10/2017 ከ05/13/2017 ይበልጣል፣ ሰኔ 30 ከጳጉሜ 5 ይልቅ የቅርብ ሆነ ማለት ነው። ዴት ታይፕ (የዳታቤዙ የራሱ የቀን ዓይነት) ደግሞ 13ኛ ወር አያውቅም። ሰዓቱማ ይብሳል፦ ከቀኑ 7 ሰዓት ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ይመጣል። የፈረንጁን ቀንና ሰዓት በታይምስታምፕ (ቀንና ሰዓትን አብሮ በሚይዘው ዓይነት) አስቀምጡ፤ ወደ እኛ አቆጣጠር ለስክሪንና ለደረሰኝ ብቻ ቀይሩ።

ከአያት፦ ዓመቱን አስቀድሞ 2017-13-05 ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ በትክክል ይደረደራል።

ከሰበታ፦ ከጳጉሜ 5 እስከ መስከረም 3 ስንት ቀን እንደሆነ በምን ታሰላዋለህ? በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜ 6 ናት።

ከአያት፦ መደርደር አልኩ እንጂ ማስላት አላልኩም።

ከለገጣፎ፦ ጳጉሜ ላይ ደመወዝ ለምን እንደማይከፈል አውሩልን ይልቅ።

መልስ፦ ወደ ጉዳያችን! አያት ልክ ነው፤ ዜሮዋ እስካልተዘለለች ድረስ። አንዱ ጸሐፊ 2017-9-5 ብሎ ያስገባ ቀን ግንቦት ከጳጉሜ በኋላ ይሆናል።

ከሱሉልታ፦ ረድፉ በዝቶ ተንቀራፈፈብኝ።

መልስ፦ ኢንዴክስ (የፍለጋ ማውጫ) ሥራለት፦ ቆጣሪ፣ ቀን፣ አይዲ፤ በዚሁ ቅደም ተከተል። ከዚያ ዳታቤዙ ኩዌሪውን እንዴት እንደሚያስኬደው በኤክስፕሌን እየው።

ከጀሞ፦ ኤክሴል ላይስ?

መልስ፦ ኤክሴል አልመልስም።

ከቡራዩ፦ የየደንበኛውን የመጨረሻ ክፍያ ፈልጌ ግሩፕ ባይና ማክስ ተጠቅሜ...

መልስ፦ የኮዬ ፈጬውን አንብብ። አይዲውንም እንዳትረሳ።