ጅብ እና የዓረቦቹ «ዚእብ»

የእኛ «ጅብ» እና የዓረቦቹ «ዚእብ» አንድ ቃል ናቸው ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። አዎ፣ አንድ ቃል ናቸው። ዓረቡ «ዚእብ» ሲል ተኩላ ማለቱ፣ እኛ ግን ጅብ ማለታችን ነው ግራ ያጋባህ። የተለወጠው ትርጉሙ ነው እንጂ ስሙስ ያው ነው።

መሃል ላይ ግእዝን አስገባና እየው። ግእዙ «ዝእብ» ይላል፣ ጅብ ማለት ነው። አማርኛ «እ»ን ዋጠና «ዝ»ን ወደ «ጅ» ወሰደው። ትግርኛ ደግሞ ፊደሎቹን አገላብጦ «ዝብኢ» አለ። የ«ዚእብ» መነሻ ፊደል፣ የዓረብኛዋ «ዛል» (ነጥብ ያላት «ዳል»)፣ በግእዝ «ዘ» ሆና ነው የምትገኘው። ጆሮን ተመልከት፦ በዓረብኛ «ኡዝን»፣ በግእዝ «እዝን»።

ዕብራይስጡም «ዜኤቭ» ሲል ተኩላ ነው። ዘፍጥረት 49፥27 ላይ ብንያም የተመሰለበት እንስሳ እሱ ነው፤ በአማርኛው «ተኩላ» ተብሏል። እስራኤል ውስጥ ዜኤቭ የሚባል ሰው ሞልቷል። እኛ ጋ ሰውን ጅብ ብትለው ግን ጠብ ነው!

ስፔኖች ቃሉን ከዓረብኛው፣ ከስም ፊት ከምትቀመጠው «አል» ጋር፣ ወስደው «አዲቬ» አሉ። እነሱ ጋ ሲደርስ ቀበሮ መሰል እንስሳ ሆነ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ዓረብኛ ለጅብ ሌላ ስም አለው፣ «ደብዕ»። እኔ ትርጉሙ ስለገጠመልኝ ብቻ «የጅብ ወንድም ይሄ ነው» ብዬ ተከራክሬ አፍሬያለሁ። የ«ደብዕ» መነሻ ፊደል ግእዝ ላይ «ፀ» እንጂ «ዘ» አይሆንም። መጀመሪያ ድምፁን አመሳክር፣ ትርጉሙን ከዚያ በኋላ።